አሥር ቅጽል ለእናቷ

ወረታ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተመሳሳይ ቅጽሎች የሚባለው ትምህርት በየዓመቱ ይመጣል፤ በየዓመቱም ቶሎ ቢያልፍልኝ ደስ ይለኛል። ቢግ፣ ላርጅ፣ ሂዩጅ ብዬ ሰሌዳው ላይ ስደረድር ተማሪዎቼ ደስ ብሏቸው ይገለብጣሉ። ለእነሱ ቀላል ትምህርት ነው። እኔን የሚከብደኝ ከማን እንደተማርኩት ስለማውቅ ነው። ያስተማረችኝ ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።

ስምንተኛ ክፍል ነበርን። መምህራችን ቃሉን ጽፎ፣ ትርጉሙን ተናግሮ፣ «በቃላችሁ ያዙ» ብሎ ይወጣል። ሰኔ ላይ ፈተና አለብን፤ አባቴም ከሩዝ ማሳው መሀል ቆሞ «ከወደቅሽ ባል ታገቢያለሽ፤ አለቀ» ብሎኛል። አባቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አልነበረም። ሌላውን ትምህርት እንደምንም እወጣዋለሁ፤ እንግሊዝኛ ግን ጭራሽ አልገባ ብሎኝ ነበር።

ከክፍላችን እንግሊዝኛ የምትችለው አጠገቤ የምትቀመጥ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። አጠገቧ የተቀመጥኩት መርጬ አይደለም፤ ዘግይቼ ስመዘገብ ክፍት የነበረው ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ለምን ክፍት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። በእኛ በኩል ገበሬው ድስቱንም ገንቦውንም ከሸክላ ሠሪ ይገዛል፤ ሸክላ ሠሪ ቤት ገብቶ ግን አይበላም። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባላል። ይህን ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፤ ስሜን ማን እንዳስተማረኝ እንደማላስታውስ ሁሉ።

አስጠኚኝ ስላት ግን እሽ አለችኝ። ቤታቸው ከከተማው ዳር ነበር። እናቷ ሸክላ ሲያቃጥሉ የተሰነጠቀውን ይጥሉታል። እኛ ገሉን ለቅመን፣ ከትምህርት ቤት ባመጣናት ቁራጭ ጠመኔ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ቃል እንጽፋለን፤ ከዚያ እንበትነውና ዘመዳሞቹን እየፈለግን እንሰበስባለን። ሃፒ ከግላድ ጋር፣ ስማርት ከክሌቨር ጋር። ስሳሳት ገሉን ከእጄ ትቀማኝና «እነዚህ ምን ያዛምዳቸዋል! በግድ አጋባሻቸው እኮ» እያለች ትስቅብኛለች። በሁለት ወር ውስጥ ቋንቋው ከዚያ የገል ክምር ላይ ገባኝ።

እናቷ ጭቃውን እያሹ ከሩቅ ያዩናል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቆሎም ይሁን ንፍሮ ያቀርቡልናል። የጀመርነው በሁዳዴ ስለነበር ምክንያት አላጣሁም፤ «እስከ ማታ ነው የምጾመው እትዬ» እላቸዋለሁ። እሳቸውም «ያጽናሽ ልጄ» ይሉኛል። ያን ዓመት እንደ እኔ የጾመ መነኩሴ አልነበረም። ቤቴ እንደገባሁ ግን ያገኘሁትን ሁሉ እበላ ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ። አንድ ረቡዕ ታዲያ እናቷ እንጀራ በአይብ ይዘው ሲመጡ አፌ እንደለመደው «ጾመኛ ነኝ እትዬ» አለ።

ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። አልተቆጡም። ትንሽ አዩኝና «እሽ ልጄ» ብለው ይዘውት ተመለሱ። ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ ገሎቹን ትደረድራለች። ፊቴ በርበሬ መሰለ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የፈራሁት ከተቀየመችኝ ማን ያስጠናኛል ብዬ ነው፤ ስለ እናቷ አላሰብኩም። በማግስቱ እሷው «ነይ እንጅ፣ እናጥና» አለችኝ፤ ሄድኩ።

ግንቦት አጋማሽ ላይ መምህራችን ስለምታውቁት ሰው ጻፉ አለን፤ አሥር ቅጽል፣ አንዱም እንዳይደገም። እኔ ስለ ጓደኛዬ እናት ጻፍኩ። ፔሸንት፣ ታጋሽ አልኳቸው፤ ካይንድ፣ ጀንትል፣ ደግና ገር አልኳቸው። ከሁሉም ጀነረስ የምትለዋን ወደድኳት፤ ቸር ማለት ናት። የልቤን ነው የጻፍኩት። በአፌ ያልጠየቅኩትን ይቅርታ በወረቀት የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር። መምህሩ ለክፍሉ አነበበውና ተጨበጨበልኝ። ደረቴን ነፋሁ። ወደ ጎን ዞር ብዬ ሳያት ግን እሷ አታጨበጭብም።

ወደ ቤት ስንሄድ አስፋልቱ ጋ ደረስን። ባጃጆቹ እስኪያልፉ ጠብቀን ስንሻገር ቆመች።

«እናቴን ቸር ብለሽ ጻፍሽ» አለችኝ።

«አዎ፤ ናቸው እኮ።»

«ከእጇ ምን ተቀብለሽ ነው ያወቅሽው?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ጥላኝ ሄደች።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ክንዳችን እየተነካካ፣ አላናገረችኝም። ፈተናው ደርሷል፤ ጭንቀቴ ግን ስለ ፈተናው መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከእሷ ሌላ ጓደኛ እንደሌለኝ የገባኝ በእነዚያ ቀናት ነው። እንዳላጣት ፈራሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለማንም ሳልናገር ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ራበኝ» አልኳቸው።

አዩኝ። ተነስተው ገቡ። ሩዝና ጤፍ የተቀላቀለበት እንጀራ፣ በሁለቱም ወገን አይብ ጣል አድርገውበት፣ ለሁለት ሰው በአንድ ትሪ ይዘው ወጡ። እጄን አስታጠቡኝና ልጃቸውን «ነይ፣ ከጓደኛሽ ጋር ብይ» ብለው ጠሯት። ጓደኛዬ ከቤት ወጣች። ትሪውን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ጀሪካኑን አነሳችና «ውኃ ልቀዳ» ብላ ወደ ቦኖው ሄደች።

«ብይ እንጅ ልጄ» አሉኝ እናቷ፤ «እሷ ስትመጣ ትበላለች።»

ቆረስኩ። ያን ሁሉ ቃል አጥንቼ፣ ያን ሁሉ ጽፌ፣ አሁንም ዓይናቸው ይበላኝ፣ ያመኝ ይሆን የሚል ፍርሃት ነበረብኝ፤ በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። እናቷ አጠገቤ ቁጭ ብለው ዝንቡን ይከለክሉልኛል። ቦኖው ሩቅ ስላልሆነ ትመለሳለች ብዬ ቀስ ብዬ በላሁ፤ በጣም ቀስ ብዬ። በእኔ በኩል ያለው አለቀ። በእሷ በኩል ያለው እንደተዘረጋ ነበር፤ ጫፉም አልተነካም።