ባለቤቴን እስከ ምጽዋ ስሸኝ

ክረምቱ ገብቶ የማስተምርበት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ የአምስት ዓመቷን ልጄን ሰናይትን ይዤ ከልደታ ተነሣሁ። ባለቤቴ ተፈራ የመርከብ መካኒክ ነበር። መርከቡ አሰብ ላይ ጭነቱን አራግፎ በምጽዋ በኩል ወደ አውሮፓ ሊሄድ ስለነበር፣ እስከ ምጽዋ አብረነው እንድንጓዝ ካፒቴኑን አስፈቀደልን። ከዚያ እሱ ረጅሙን መንገድ ይቀጥላል፤ እኛ ከአስመራ በአውሮፕላን እንመለሳለን።

ለጎረቤቶቼ "ባሕር ልናይ ነው" አልኳቸው። በልቤ የያዝኩት ግን ሌላ ነበር። ከተጋባን ጀምሮ አብዛኛውን ጊዜ የኖርኩት ብቻዬን ነው። "ወይ ባሕሩን ተው፣ ወይ እኛን ተወን" ልለው ነበር የሄድኩት።

ወደ አሰብ

አውቶቡሱ ናዝሬትን ሲያልፍ ሹራባችንን አወለቅን፤ አዋሽን ስንሻገር መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ሚሌ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋ በልተን አደርን። በማግስቱ ኬላ ላይ አንድ ወታደር የቀበሌዬን መሸኛ እያየ፣

"እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ሕፃን ይዘሽ ወዴት ነው?" አለኝ።

"ወደ አባቷ።"

ወረቀቱን መልሶልኝ ከገዛ ኮዳው ሰናይትን ውሃ አጠጣት።

አሰብ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ቀዝቃዛ ውሃ በብርጭቆ ይሸጣል፤ ሳይጨርሱት ይሞቃል። ተፈራ ወደቡ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ከስቷል። ሰናይት ቀሚሴ ኋላ ተደብቃ፣ "እማዬ፣ ይሄ ጋሼ ማነው?" ስትል ሰማት። ሳቀ። ሻንጣችንን አንሥቶ ፊት ፊታችን ሄደ።

ባሕር ላይ

መርከቡ ከወደቡ ራቅ ሲል ሆዴ ተገለበጠ። ያን ቀን በጠባቧ ክፍላችን ባልዲ አቅፌ ዋልኩ። ሰናይትን ምንም አልነካት። መመገቢያው ክፍል ውስጥ ሳህኑ እንዳይንሸራተት የጠረጴዛውን ልብስ በውሃ ያርሱታል፤ እዚያ ተቀምጣ አባቷ የተጠበሰ ዓሣ እሾሁን እየለቀመ ያጎርሳት ነበር።

በማግስቱ ከመርከቡ ጋር የሚሽቀዳደሙ ዶልፊኖች ሲያሳያት ትከሻው ላይ ወጣች።

"አባባ፣ ደግመህ ጥራቸው!"

ተፈራ ወደ ባሕሩ ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ አፏጨላት። እኔም ያን ዕለት የልቤን ለመናገር አቅም አጣሁ።

ምጽዋ ፊት ለፊት

ወደቡ በመርከብ ተሞልቶ ስለነበር፣ ተራችን እስኪደርስ የከተማዋን ነጫጭ ቤቶች በሩቁ እያየን መልሕቅ ጥለን ቆየን። ጠዋት ሰናይት ተኝታ ሳለች ተፈራ "ነይ፣ የምሠራበትን ላሳይሽ" ብሎ ወደ ሞተሩ ክፍል አወረደኝ። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጣል፤ የጄኔሬተሩ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። ለምን እዚያ እንዳመጣኝ የገባኝ አፉን ጆሮዬ ላይ ሲደቅን ነው። ከላይ ከባሕረኞቹ ጋር የሚጓዝ ካድሬ ነበር፤ እታች ግን ማንም አይሰማም።

"ጓደኞቼ ሆላንድ ቀርተዋል። በሄድኩ ቁጥር 'ቅር' ይሉኛል፤ እናንተን እያልኩ እመለሳለሁ። ዘንድሮ ግን ደከመኝ። ልቅር? ቆይቼ እወስዳችኋለሁ።"

እኔ ባሕሩን አስበልጦብኛል ብዬ ስቀየመው፣ እሱ ለካ በየወደቡ እኛን ሲመርጥ ኖሯል። "ቆይቼ" ያለው ስንት ዓመት ነው? እኛንስ ከአገር ማን ያስወጣናል? ደግሞ እፎይ ብሎ የሚኖርበትን አገር በምን አፌ ልከልክለው? መልስ ለመስጠት መጮህ ነበረብኝ፤ የደረጃውን ብረት ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ።

ምሳ ላይ ካድሬው አጠገባችን ተቀመጠ።

"ጓድ ተፈራ፣ ባለቤትህ ከአውሮፓ ምን አዘዘችህ? ሽቶ ነው ጫማ?"

ተፈራ ሹካውን እንደያዘ አየኝ።

"ምንም አላዘዝኩትም" አልኩ። "የቸገረን የገናውን ዶሮ የሚያርድልን ሰው ነው።"

ካድሬው ከት ብሎ ሳቀ። ተፈራ አልሳቀም።

"እኔ አርዳለሁ" አለ ቀስ ብሎ።

ምጽዋ ላይ ስንለያይ ሰናይት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልወርድ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ነበር ያላቀቅናቸው።

ልደታ

ቤታችን በዝናብ ደረስን። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ "ባሕሩ እንዴት ነው?" ቢሏት፣ ሰናይት "አባባ አለበት" አለቻቸው።

ገና አለፈ። ጥምቀትም አለፈ። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ ወሬ መለወጥ ጀመርኩ። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ፤ ተፈራ ነበር። መርከቡ ለጥገና ቆሞበት ነው የዘገየው። ከዚያ ወዲያ ባሕሩን ትቶ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለ ጋራዥ ገባ።

ልክ አድርጌያለሁ ወይ ብዬ እሱን ለመጠየቅ ዛሬም እፈራለሁ። ያ ጉዞ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ በር ላይ ሆኖ የሚጠብቅ ሰው፣ የሚመጣው ምን ትቶ እንደመጣ አያይም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ተፈራ እንቅልፍ እምቢ አለው። "አልጋው አይንቀሳቀስም" ይለኝ ነበር። ሰናይት ይህን ሰምታ፣ ቀን ጋደም ሲል የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ፣ እስኪያንቀላፋ ድረስ ትወዘውዝለት ጀመር።