በክሩ ላይ የሚሄደው

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አፍራለሁ። ይህን የምጽፈው አንዲት መምህርት ያስተማሩኝ ነገር እኔ ጋ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ከምርጫው በኋላ በነበረው ግርግር፣ ከክር ፋብሪካ ወጥቼ ሳሪስ ላይ ታክሲ ስቀይር ፖሊሶች ከሌሎች ጋር አፍሰው ወሰዱኝ። ያስገቡን ቃሊቲ አካባቢ፣ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ሲሚንቶው የማሽን ዘይት ይሸት ነበር። ሥራ የገባሁ መስሎኝ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ከጎኔ የሚተኙት መምህርት ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ሲይዟቸው መነጽራቸው ተሰብሯል። ቀኑ አልመሽ ሲለን ስለ ሰውነት ያስተምሩን ጀመር። አንድ ቀን ከነጠላቸው ጫፍ ሁለት ክር መዘው ገመዱና እጄ ላይ አደረጉልኝ። በእያንዳንዷ የሰውነታችን ህዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል እንዲህ የተገመደ ነገር አለ አሉ። ሰውነታችን የሚሠራበት መመሪያ እሱ ላይ ነው። መመሪያውን የሚያስጀምሩና የሚያስቆሙ ፕሮቲኖች ደግሞ አሉ። ፕሮቲኑ ግምዱን ሳይከፍት፣ ሁለቱ ክሮች ሲገመዱ ከውጭ የሚፈጠረውን ቦይ እየዳሰሰ በክሩ ላይ ይንሸራተታል። ቅርጹ ከራሱ ቅርጽ ጋር የገጠመለት ቦታ ሲደርስ ይቆምና ይጣበቃል። ያኔ አጠገቡ ያለው መመሪያ ሥራ ይጀምራል፣ ወይም ያቆማል።

ለእኔ ይህ ሩቅ አልነበረም። ፋብሪካ ውስጥ የክሩን ጉድለት የማገኘው በአውራ ጣቴ እየዳሰስኩ ነው።

አብረውን የታሰሩ፣ አቃቂ በሰቃ በሚባለው ሰፈር ጠጅ የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ ጋደም ብለው ሲሰሙ ቆዩና፣ «እንግዲያውስ ሆዳችን ውስጥም ካድሬ አለ በሉኛ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። መምህርቷም ሳቁ።

ቀልዱን ማን ይዞት እንደወጣ አላውቅም። በማግስቱ መርማሪው እኔን ብቻ አስጠራኝ። መምህርቷ ሴቶቹን ለአድማ እያደራጁ ነው፣ በየቦታው ገብተው ሥራ የሚያስቆሙ ሰዎች እያዘጋጁ ነው የሚል ወሬ ደርሶታል። አልተቆጣኝም። እውነት ነው ካልኩ ዛሬውኑ ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። እናቴ ምሳ ይዛ በር ላይ እንደቆመችም ነገረኝ።

ከዚያ ከነጠላዬ ሁለት ክር መዝዤ ገመድኩና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አውራ ጣቴን በላዩ እያስኬድኩ፣ እሳቸው እንደነገሩኝ ነገርኩት። ሲምታታብኝ ከመጀመሪያው እጀምር ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል ረጅም ተናግሬ አላውቅም።

«ይሄ ከፖለቲካ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለኝ።

«ምንም አያገናኘውም።»

«ካድሬ ያላችሁትስ?»

«ቀልድ ነው።»

ክሩን ትንሽ አየውና በእጁ ከጠረጴዛው ላይ ጠረገው። ጠባቂውን «መልሳት» አለው። እናቴ ያን ቀን ብቻዋን ተመለሰች፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን።

አሁን ያው ክር ፋብሪካ ተመልሼ እሠራለሁ። መርማሪው ይመነኝ አይመነኝ አላወቅሁም። የተናገርኩት መምህርቷን ይጥቀማቸው ይጉዳቸውም አላውቅም። እናቴ አንዳንዴ፣ ያኔ «አዎ» ብትዪው ምን ነበረበት ትለኛለች። አልከራከራትም። ውፍረቱ እኩል ባልሆነ ክር ላይ ጣቴ ሲቆም ግን እሳቸውን አስባለሁ።

ያን ዕለት ከመርማሪው ዘንድ ወደ ክፍሉ ስመለስ፣ መምህርቷ ምን እንዳልኩት ጠየቁኝ። እንደ ፈተና አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጨርሼ ሳልቀመጥ በሩ ተከፈተና ዕቃቸውን ይዘው እንዲወጡ ታዘዙ። የት እንደሚወስዷቸው የነገራቸው የለም። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ፤ ጠባቂው እየጠራቸው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ጥሩ አድርገሽ አስረድተሻል፣ የኔ ልጅ። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረሽ። ፕሮቲኑ ቦታውን ካገኘ በኋላም እዚያው አይቀርም፤ ጥቂት ቆይቶ ይነሳል።»