ውኃ የጠማው የመሰለን ምስር

ከባለቤቴ ጋር መጨረሻ የሠራነው ሥራ የምስር ዘር መልቀም ነው። ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ሰፌዱን በመሀላችን አድርገን ተቀመጥን። እኔ ጠጠሩን ሳወጣ እሱ የተጨማደደውንና የጠቆረውን ፍሬ እየለየ ይጥላል። እኔ ያለፍኩትን እያነሣ፣ «ያንቺ ዓይን የሚለቅመው ለወጥ ነው፤ ለዘር አይሆንም» አለኝ።

«ወጡን ስትበላ ግን ዓይኔን አምተኸው አታውቅም» አልኩት። ሳቀ። በዚያው ሳምንት ንዳድ ያዘው፤ ከዚያ አልተነሣም።

ዳንግላ ያደግሁ የቄስ ልጅ ነኝ። ሲያገባኝ ዳዊት መድገም እንጂ እርሻ አላውቅም ነበር። እሱ ከበሬዎቹ ጋር በአገውኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል። በመጀመሪያው ዓመት ምስራችን እዚህም እዚያም ቢጫ እየሆነ ጠወለገ። የመንደሩ ሰው «ውኃ ጠምቶት ነው» አለ፤ እኔም አመንኩ። እሱ ግን አንዱን ሳብ ቢያደርገው ያለ ምንም ትግል ተነቀለ። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ጠቁሯል፤ ቅርፊቱ በጣቱ መሀል ተላጠ። «አሽትቺው» ብሎ ሰጠኝ። የረግረግ ሽታ ነበረው።

«ይኼ ጠምቶት አይደለም፤ ሰጥሞ ነው» አለኝ።

ብዙ ባሎች እርሻቸውን ለሚስት አያሳዩም፤ ሚስት ለአረምና ለአጨዳ ስትፈለግ ብቻ ትጠራለች። እሱ ግን ያየውን ሁሉ ያሳየኝ ነበር። ስለዚህ አመሰግነዋለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ከማሳው ውኃ የሚያወጣ ቦይ ሊቀድ ተነሣ። ችግሩ መውጫው ነበር። ከእኛ በታች ያለው የጎረቤታችን ጤፍ ነው።

«ውኃህን በኔ ጤፍ ላይ ልትደፋ ነው?» አለ ጎረቤታችን ዱላውን ተደግፎ።

«ውኃው የኔ አይደለም አያ፤ የሰማይ ነው።»

«እንግዲያስ ወደ ሰማይ መልሰው!»

ባሌ ከሳቁ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰውዬውም ቁጣውን መጨረስ አቃተው። ያን ጊዜ ባሌ፣ «በድንበሩ ይሂድ፤ የሚቆረሰው መሬት ከኔ በኩል ይሁን» አለው። በማግስቱ ጎረቤታችን ዶማውን ይዞ መጣ። ቦዩን እስከ ወንዙ ድረስ አብረው ቀደዱት።

ባሌ ሲሞት የቀረን ዘር ያ የለቀምነው ብቻ ነበር። መሬት ውስጥ ቢበሰብስ ለጾም የምንበላው የለም፤ ለከርሞም የምንዘራው የለም። ጎረቤታችን በሬዎቹን ጠምዶ አረሰልኝ። «ነገ እዘራልሻለሁ» ሲለኝ ግን አፈሩን ጨብጬ አየሁት፤ እንደ ሊጥ ተጣበቀ።

«ገና ነው አያ፤ ይጠንፍፍ።»

«ቀኑ እየሄደ ነው እቴ! ያ ሰውዬ አፍሽ ውስጥ ገባ እንዴ?» አለኝና ዞር ብሎ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ።

አፈሩ በእጄ ሲፈረፈር ዘራልኝ። ከበቀለ በኋላ ያልጠበቅነው ዝናብ ጣለ። ሳንጠራራ ሁለታችንም ቦዩ ላይ ተገናኘን፤ የደፈነውን ጭቃ እሱ በዶማ፣ እኔ በእጄ ጠረግን። ጥግ ላይ ያለው ጥቂቱ ቢጫ ሆነ። የቀረው አበበ፣ አፈራ፤ ለጾሙም ለዘሩም በቃን። ጎረቤታችንን እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ዘንድሮ፣ «እንዲህ ከሆነልሽ እዚያው ላይ ድገሚው እንጂ» አለኝ። ሥር ያበሰበሰ መሬት ከምስር ማረፍ አለበት፤ ምስር በላዩ ላይ ሲደጋገም የሥሩ በሽታ አፈሩ ውስጥ ይከርማል። ባሌ ይህን ነግሮኛል፤ ስለዚህ እምቢ አልኩ። ማሳው ላይ አሁን ያለው ገብስ ነው። ጠዋት ጠዋት ወርጄ አርመዋለሁ።