ለኮምፒውተሩ የሰፋሁት ልብስ

ስልኩ የጮኸው ማለዳ፣ ደጃፌን ውሃ እየረጨሁ ሳለሁ ነው። የምኖረው ሎጊያ፣ አፋር ምድር ነው፤ ባለቤቴን ሥራ አመጣው፣ እኔም ተከትዬው መጣሁ። እዚህ ፀሐይ ሳትበረታ ያልተሠራ ሥራ ሳይሠራ ይውላል። የደወለችው ወርቄ ናት፤ ደብረ ታቦር በአንድ መሥሪያ ቤት እሷ መዝገብ ቤት፣ እኔ ጸሐፊ ሆነን አብረን ሠርተናል። ወርቄ ሰላምታ ታበዛለች። ልጆቹን፣ ጤናውን፣ ሙቀቱን አንድ በአንድ ጠይቃኝ ልትዘጋ ስትል፣

«ውይ፣ ረስቼው! ማቴዎስን ታስታውሽዋለሽ? ያንን ኮምፒውተር የገደለውን ልጅ?» አለች።

«አዎ፣ አስታውሰዋለሁ።»

«አረፈ አሉ እኮ። እዚያው አገሩ፣ ሶዶ። ታሞ ነው አሉ።»

ነፍስ ይማር ተባብለን ተሰነባበትን። ባልዲውን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ሞቱ አሳዘነኝ፤ ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላም እኛ አገር የሚነሣው «ኮምፒውተር የገደለው» ተብሎ መሆኑ ነው። ማቴዎስ ኮምፒውተር አልገደለም። ከዚያ መሥሪያ ቤት ሰዎች ይህን በእርግጠኝነት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አውቄም ዝም ብያለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጽሕፈት ተምሬ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ፣ ከወላጆቼ ቤት፣ ጥንት መድፍ ከቀለጠባት ከጋፋት፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ ወደ ከተማ እመጣ ነበር። ወሩ የካቲት ነው፤ ማሳው ታጭዶ ባዶውን ቀርቷል፤ ቃርሚያው ላይ ያደረው ውርጭ ከጫማዬ ሥር እየተሰበረ ይንኮሻኮሻል። የጉና ተራራ ሌሊቱን ሙሉ ያጠራቀመውን ብርድ ጠዋት ላይ ነው የሚለቅብን። ከተማ ስገባ ጣቶቼ ስለሚደነዝዙ፣ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቃቸዋለሁ።

ኮምፒውተር የሚባለውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ ያየሁት እዚያ መሥሪያ ቤት ነው። ለክፍላችን አንድ መጣ። እንዴት እንዳከበርነው የዛሬ ልጆች ቢሰሙ ይስቁብናል። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ ወደ ክፍሉ የምንገባው ጫማችንን አውልቀን ነበር። ለሌላው ይህ የአቧራ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ጫማ አውልቄ የማውቀው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። በካልሲ ገብቼ ያ ነገር ድምፅ አሰምቶ ሲበራ ልቤ ዝቅ ይልብኝ ነበር። ትናንት የጻፍሁትን ቃል ሳይጥል ሳይጨምር ሲያሳየኝ፣ ይህን ያህል የሚይዝ ነገር እንዴት ዝም ብሎ ራቁቱን ይቀመጣል እል ነበር። እኛ ዘንድ ዳዊት እንኳ ማኅደር አለው፤ ቆዳ ተሰፍቶለት፣ ተሸፍኖ ነው የሚሰቀል።

ስለዚህ ልብስ ሰፋሁለት። ሲፒዩ የሚሉት ሣጥኑ ጠረጴዛው ሥር፣ አለቃችን አቶ ደምሌ አናጢ አስጠርተው ባሠሩት ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ከአባቴ አሮጌ የሱፍ ካፖርት ገበር ቆርጬ፣ ከላይ ቀይ ከፋይ አልብሼ፣ ከኋላ ከጎን ጥብቅ አድርጌ ሰፋሁት። ማብሪያውና ፍሎፒ የሚገባበት አፉ ብቻ እንዲታይ ተውሁ። ከፊቱ ላይ ትንሽ መስቀል ጠለፍሁ። ለመስቀሉ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አቶ ደምሌ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይበል! እንደ መጽሐፍ አለበስሽው» አሉኝ። ያን ዕለት ወደ ጋፋት ስመለስ መንገዱ አጠረልኝ።

ማቴዎስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኛና ለጎረቤት መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር እንዲጠግን የተመደበ፣ ገና ከትምህርት የወጣ ረጅም ልጅ። ከወላይታ መጣ፤ አማርኛው ሌላ ዜማ ነበረው፤ እምነቱም ከእኛ ሌላ ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። እሱ ምሳ ሰዓት ሲደርስ የተቀቀለ ድንቹን በወረቀት ጠቅልሎ ከመጋዘኑ ጀርባ ይሄዳል፤ ቆሞ በልቶ፣ አፉን ተጉመጥምጦ ይመለሳል። እኛን እንዳያስጎመጅ መሆኑን ሳንጠይቀው ገባን። ወርቄ ግን አትምርም፤ «ተደብቆ የሚበላ ሰው ድንቹም አይጠረቃለት» ትለዋለች፤ እሱም ይስቃል።

በዚያ ወር የያዝሁት ሥራ የአሥረኛ ክፍል ተፈታኞች ስም ዝርዝር ነበር። ከየገጠር ትምህርት ቤቱ በእጅ ተጽፎ የመጣውን ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ስለቅም ከርሜ ጨረስሁ። ዝርዝሩ ዐርብ ከቀትር በኋላ በመኪና ባሕር ዳር መድረስ አለበት። ካልደረሰ የመፈተኛ ካርድ የለም፤ ልጆቹ ዓመት ይጠብቃሉ። እንደገና ልጻፈው ብል ደግሞ ሌላ ሦስት ሳምንት ነው። ለከተማ ልጅ አንድ ዓመት አንድ ዓመት ነው፤ ለገጠር ሴት ልጅ ግን ባል ነው። ታናሽ እኅቴ ይታይሽ ስሟ እዚያ ውስጥ ነበረ። አባቴ «ዘንድሮ ከተፈተነች ትማር፤ ካልሆነ ሽማግሌዎቹን ከዚህ በላይ አልመልስም» ብሎ ቆርጦ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈ። አንድ ገጽ ለመክፈት ውዳሴ ማርያም ያስደግማል። ማቴዎስን ጠራሁት፤ አየና፣ «ሃርድ ዲስኩ ተበታትኖበት ነው። እናስተካክለዋለን» አለኝ።

«ምኑ ነው የተበታተነው?»

«የጻፍሽው። የአንድ ልጅ ስም ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ተቀምጧል። ስትጠሪው እየለቃቀመ ነው የሚያመጣልሽ። አሁን ራሱ ይሰበስበዋል።»

አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ስክሪኑ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተሞላ። አንዷ ካለችበት ተነሥታ ሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ ሌላዋ ትከተላለች። ማንም ሳይነካቸው የተበተኑት ወደየወገናቸው ይሰበሰባሉ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቆምሁ። ያ ሁሉ ስም፣ የእረኛው የአርሶ አደሩ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ እየተጠራ በየተራው ሲሰለፍ ታየኝ።

ሠላሳ አራት ከመቶ ሲደርስ ቀጥ አለ። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ ንቅንቅ የለም።

ማቴዎስ አጥፍቶ አበራው። አሁን ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ዲስኩን ሳልመረምር አላስገባም አለ፤ ምርመራውን ጀመረና አሥራ ዘጠኝ ላይ ቆመ። እንደገና፣ አሥራ አንድ። እንደገና፣ ስምንት። ምርመራው ካላለቀ ወደ ዝርዝሩ መግቢያ የለም፤ ዘለን እንግባ ብንል የተጀመረው ሥራ ተበላሽቶ ሁሉንም እንዳያጠፋው ማቴዎስ ፈራ።

ወሬው ጓሮ ድረስ ደረሰ። «ደኅናውን ኮምፒውተር ነካክቶ ገደለው» ተባለ። አቶ ደምሌ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ የሚያርስ በሬ ይታረዳል እንዴ?» አሉት። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ይስተካከላል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «ትብለጥ፣ እባክሽ አንድ ነገር ያዢልኝ። በቆመ ቁጥር ቁጥሩንና ሰዓቱን ጻፊ» አለኝ። በተጣለ ወረቀት ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመርሁ። ሐሙስን እንዲሁ ዋልን። ማታ ቤት ስገባ ይታይሽ «ስሜ ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ «ነገ» አልኋት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ዐርብ ጠዋት ማቴዎስ ወረቀቴን ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመ።

«እይው። ዲስኩ ቁስል ቢኖርበት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር የሚቆመው። ይህ ግን ጠዋት ሠላሳ ስድስት ይደርሳል፣ ወዲያው ስንደግመው አሥራ ሰባት፣ ከዚያ አሥር። ምሳ ቆይተን ስንመለስ ሃያ ሰባት። ሲያርፍ ይበረታል፣ ሲደጋገምበት ይደክማል። ይህ ሙቀት ነው።»

ወርቄ ጋቢዋን እየጠቀለለች ሳቀች። «በደብረ ታቦር? የእኛን አንጀት ብርድ ሲበላው ለእሱ ሞቀው!»

እሷ ወደ መዝገብ ቤቷ እስክትሄድ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትብለጥ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ» አለኝ። «ልብሱ ላይ መስቀል አለ። የስለት ይሁን፣ ጸበል የተረጨ ይሁን አላውቅም። ከመጣሁ ጀምሮ እጄን አላስነካሁትም፤ የእናንተ ነገር ነውና። አንቺ ራስሽ ብታወልቂው?»

ተንበረከክሁና ክሩን ፈታሁ። ከፋዩን ስገፈው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሣጥኑን በመዳፌ ነካሁት፤ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ይፋጃል። ያ ሁሉ ሱፍ፣ ያ ሁሉ ከፋይ፣ ትንፋሽ የሚወጣበትን ቀዳዳ በሙሉ ደፍኖበት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የሰው ልጅ የተሰደበበት ነገር የእኔ እጅ ሥራ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ማቴዎስ አይቶ ቸኮለ። «የጋፋት ልጅ አይደለሽ? ብረት ማቅለጥ ከአያቶችሽ ወርሰሽ ነዋ!» አለኝ፤ ሳላስበው እያለቀስሁ ሳቅሁ። ልብሱንም ከእጄ ሳይወስድ፣ «እጠፊውና ለዳዊትሽ አድርጊው፤ እሱ አይሞቀውም» አለኝ።

ሣጥኑን ተሸክመን ወንበር ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥነው። በካቻቪቴ ጎኑን ከፈተው። ሁለቱን የመስኮት መዝጊያ ወለል አድርጌ ከፈትሁ፤ ያ ስረግመው የኖርሁት የጉና ብርድ ሰተት ብሎ ገባ። እስኪበርድ ድረስ ሳንነካው ቁጭ አልን፤ ከዚያ አበራው።

አሥር። ሃያ። ሠላሳ አራትን አለፈ። ሠላሳ ስድስትን አለፈ። እኔ ነጠላዬን ከፊቴ ሰብስቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። በጎን ዓይኔ ሳይ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ጸሎት። ብርዱ ጥርሳችንን ያፋጨዋል፤ ከሁለታችንም አፍ ጉም ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ትናንሾቹ ማዕዘኖች አንድ በአንድ ይሞላሉ። እንዲያ ያለ ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ የተሰማኝ በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው። በቅጡ የማንተዋወቅ የሁለት አገር ሰዎች በአንድ መስኮት ሥር አብዛኞቹን ለማናውቃቸው ልጆች ስም ስንጸልይ፣ ሰሚው አንድ መሆኑን ያን ዕለት ማንም ሳያስተምረኝ አወቅሁ።

መቶ ሲል ከረፋዱ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ዝርዝሩ ተከፈተ። አስቀድሜ «ይታይሽ» የሚለውን ፈለግሁ፤ ከነአባቷ ከነአያቷ እዚያው አለች። በሁለት ፍሎፒ ገለበጥነው፤ መኪናውም በሰዓቱ ሄደ።

አቶ ደምሌ መጥተው፣ «ታዲያ በሽታው ምን ኖሯል?» ብለው ጠየቁ። ክፍሉ በሰው ሞልቷል። ልናገር አፌን ከፈትሁ። ማቴዎስ ግን ቀደመኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው አቶ ደምሌ። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ዝርዝሩን በፍሎፒ መገልበጥ ነበረብኝ፤ አልገለበጥሁም።»

ይህ እውነት ነበር፤ ግን ግማሹ ነው። «ሦስት ቀን ነፍሳችንን አወጣሃት እኮ!» አሉት። ወደ እኔ አየና ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። በሚቀጥለው ወር ቋሚ የመሆኔና ያለመሆኔ ነገር የሚወሰን መሆኑን ያውቅ ነበር። ዝም አልሁ።

እኔ ቋሚ ሆንሁ። ለእሱ ስሙ ወጣለት፤ «ገዳዩ መጣ» ሲሉት አብሮ እየሳቀ ቆየና ክረምቱ ሲገባ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት፤ ለመንገዱ የሽምብራ ቆሎ ይዤለት ነበር። «ለምን አልተናገርህም?» አልሁት።

«ስሞቹ ወጡ አይደል?» አለኝ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ በሚል ዓይን። አውቶቡሱ ተነሣ።

የሰው ገመና መሸፈን ትልቅ ጽድቅ እንደሆነ ስሰማ አድጌአለሁ። ሲደረግ ያየሁት ግን በጾማችን ከመጋዘን ጀርባ ድንች ከሚበላ ልጅ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል። ይታይሽ ዛሬ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የልጆችም እናት ናት። ይህን ታሪክ አልነገርኋትም። ለነፍስ አባቴ ግን ነግሬአቸው ነበር። «ለእግዚአብሔር ነግረሻል፤ አሁን የቀሩት ሰዎቹ ናቸው» አሉኝ። እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልሁ ሰውየው ሞተ።

እንግዲህ ወርቄ፣ አቶ ደምሌ፣ እርስዎም በሕይወት ካሉ፣ በዚያ ክፍል በር ላይ ቆማችሁ ያያችሁ ሁሉ፤ ያጠፋሁት እኔ ትብለጥ ነኝ። ከእናንተ የማቴዎስን እናት ቤት የሚያውቅ ቢኖር አድራሻውን ይላክልኝ፤ ከሎጊያ ሶዶ ሩቅ ቢሆንም ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ከእኔ ቀድሞ ለቅሶ የሚደርስ ካለ ደግሞ አደራ፣ እናቱ «ልጄ እናንተ ዘንድ ሳለ ምን ሠራ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ስማቸውን እንኳ ለማያውቃቸው ልጆች ሦስት ቀን ተሰድቦ፣ ሥራውን ጨርሶ ሄደ በሏቸው።