በእህቴ ድድ ውስጥ የነበረው «ትል»

ልጅ ሳለሁ፣ የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ቆላው ከደጋ በወረደ የጉልበት ሠራተኛ ሲሞላ፣ አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን እማማ ድንቄ ደጅ እንሰበሰብ ነበር። ቤታችን ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ፣ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ያኔ ለወባ ትንኝ ተብሎ የሚጨሰው የማሽላ አገዳ ዓይን ያቃጥላል፣ ፋኖሱን የእሳት እራት ይከበዋል፤ እኛ ግን የእሳቸውን አፍ አፍ እያየን ንቅንቅ አንልም። እማማ ድንቄ ተረት ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር እኛ እንጠጋለን።

እህቴ እናኑ የተወለደችው እናታችንን ወባ ሲያንቀጠቅጣት ሰንብቶ፣ ገና በሰባት ወሯ ነበር። በጥጥ ተጠቅልላ፣ እናቴ ደረት ላይ ተለጥፋ ነው ነፍስ የዘራችው። እኩዮቿ ጥርስ አብቅለው የእናታቸውን ጡት መንከስ ሲጀምሩ የእሷ ድድ ባዶውን ቀረ። ያየ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላት ነበር።

አንድ ምሽት እማማ ድንቄ ጊዜዋን ሳትጠብቅ ስለመጣች ልጅ አወሩ። ልጅቱ ከእናቷ ሆድ ስትጣደፍ ጥርሶቿን ረስታ ወጣች፤ ልመለስ ብትል በሩ ተዘግቷል። ባዶውን ድድ ያየ ትል ቤቴ ብሎ ገባበት። መጀመሪያ ወተቷን ጠጣባት፣ ቀጥሎ ሥጋዋን በላ፣ በመጨረሻ እስትንፋሷን ወሰደ። የማንንም ስም አልጠሩም፤ ሴቶቹ ሁሉ ግን ዞረው እናቴን አዩ። ከዚያ ወዲያ እናኑ ባለቀሰች ቁጥር ትሉ የሚላወስ ይመስለኝ ጀመር። አጠገቧ መተኛት ፈራሁ፣ ትቻት መሄድም ፈራሁ።

ብዙም ሳይቆይ እናኑን ትኩሳትና ተቅማጥ ያዛት። አባቴ እርሻ ላይ ነበር። እማማ ድንቄ በማለዳ መጡ፤ ለካ በሰፈሩ ግግ የሚያወጡትም እሳቸው ኖረዋል። ግግ የሚባለው የሕፃን ድድ ውስጥ ነጣ ብሎ የሚያብጠው ነው፤ ትል ነው ብለው ስለሚያምኑ በስለት ፈልፍለው ያወጡታል። ጣታቸውን አፏ ውስጥ አዙረው «ይኸውልሽ! ነጭ ነጩን አየሽው?» አሏት እናቴን።

«እማማ፣ በሰባት ወሯ የተወለደች ልጅ እኮ ናት፤ ትችለዋለች?»

«የማትችለውስ ካልወጣላት ነው፣ ልጄ። እጇን ያዥልኝ።»

የተሳለ የብስክሌት ሽቦ ከመቀነታቸው ፈትተው አወጡ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ ጆሮዬን ደፈንኩ፤ ጩኸቷ ግን በጣቶቼ መሃል አልፎ ይሰማኝ ነበር። ሲያበቁ መዳፋቸው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች አሳዩን። እግር የላቸው፣ አፍ የላቸው። «ትሉ ይኸው» አሉ፤ እኔም አመንኩ።

ደሙ ግን አልቆመም። አባቴ ተጠርቶ ሲደርስ የእናኑ ከንፈር ነጥቶ ነበር። የሰሊጥ ጆንያ የጫነ መኪና ለምነን ገንዳ ውሃ ወሰድናት። መንገዱን ሙሉ ዓይኔን ደረቷ ላይ ተክዬ ከፍ ዝቅ ማለቱን እጠብቃለሁ፤ ሲዘገይብኝ የኔም ትንፋሽ ይቆማል።

ጤና ጣቢያ ደሟን ካቆሙላት በኋላ ነርሷ እናቴን አስቀምጣ ነገረቻት። የወጣው ትል ሳይሆን ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነበር። ቀኗ ሳይሞላ የተወለደች ልጅ ጥርሷም ይዘገያል፤ ዕድሜዋ መቆጠር ያለበት መወለድ ከነበረባት ጊዜ ጀምሮ ነው።

«ታዲያ ምንም አልነበረባትም?» አለች እናቴ።

«ተቅማጥ ነበረባታ። እሱ ደግሞ መድኃኒት አለው።»

እናኑ ተረፈች። መትረፏ ግን ሌላ ፍርሃት ይዞ መጣ። ከሰነበትን በኋላ እሳቱ ዳር ስንሰበሰብ እማማ ድንቄ ያንኑ ተረት አወሩ፤ መጨረሻው ተለውጧል። ትሉ ወጣ፣ ልጅቱም ዳነች፤ ስሟ እናኑ ነው። እናቴ ብድግ ብላ «እማማ፣ ጥርስ ነው አሉን እኮ» አለች። እሳቸውም በእናትነት ድምፅ «ልጅሽ አልተረፈችም እንዴ?» አሏት።  አንዲት አራስ ጣቷን ወደ ልጇ አፍ ስትሰድ አየሁ።

እማማ ድንቄ ካረፉ ቆይቷል። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እህቴን ከልባቸው ይወዷት ነበር፣ እስካሁን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። የእናኑ ቋሚ ጥርስ ሲመጣ ሽቦው በገባበት ቦታ አንዱ ጠማማና ቡናማ ሆኖ በቀለ፣ ሌላው ጭራሽ ቀረ። ስትስቅም ስታወራም አፏን በእጇ ትከልላለች።

በቅርቡ ገንዳ ውሃ መናኸሪያ የጎንደር አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ ሕፃን ያቀፈች ሴት ለጓደኛዋ ስታዋያት ሰማን። ልጇ በሰባት ወሩ የተወለደ ነው፣ ጥርሱ ዘግይቷል፣ ግጉን ላስወጣለት ወይስ ልተወው ብላ ተጨንቃለች። ጓደኛዋም «አይዞሽ፣ በእኛ በኩል እናኑ የምትባል ልጅ በዚሁ አይደል የዳነችው» አለቻት።  እህቴ ተነሥታ ሕፃን ያቀፈችው ሴት ፊት ቆመች፤ እጇን ከአፏ አወረደችና «እናኑ እኔ ነኝ» ብላ አፏን ከፈተችላት።