አጥፋ የሚለው ቁልፍ

ፍስሐ ዕድሜውን ሙሉ ሸማ ተራ ውስጥ ነጠላና ጋቢ ሲሸጥ ኖሯል፤ ስሙ የሚነሳው ግን በኮምፒውተር ፍቅሩ ነው። ገበያ ሲቀዘቅዝ ሌላው ነጋዴ ወሬ ይሰልቃል፣ እሱ ባንኮኒው ሥር አጎንብሶ ብሎን ይፈታል። ምን አለሽ ተራ ወርዶ ሰው የጣለውን ላፕቶፕ በርካሽ ይገዛና የአንዱን ስክሪን ለሌላው፣ የሌላውን ሜሞሪ ለዚያኛው እያዘዋወረ ነፍስ ይዘራበታል። ከዚያ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን፣ ሊኑክስ የሚባለውን ፕሮግራም ይጭንበታል። ሊኑክስ ነፃ ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም፣ ውስጡን ከፍቶ እንዳሻው መቀየርም ይችላል። ፍስሐን ያሳበደው ይህ ነው። ጎረቤቶቹ "ጥጥና ሽቦ አብሮ የሚያኖር ሰው አንድ ቀን ያቃጥለናል" እያሉ ያሙታል። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ብሆን አማው ነበር።

ሚስቱ ሠርኬ ግን አታማውም። የሱቁ ድምፅ እሷ ነበረች። "ግቡ እስቲ የኔ እመቤት፣ ጥለቱን በእጅዎ ዳሰስ አድርገው ይዩት!" ስትል አላፊ አግዳሚው ይቆማል። ፍስሐ ሰው መጥራት ያፍራል፤ ዋጋ ሲጠየቅ እንኳ ወደ እሷ ነው የሚያየው። እና ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ሐኪሙ "ሕይወቷን እናተርፋለን፣ ድምጿን ግን አናተርፍም" ሲል፣ ፍስሐ ጆሮ ውስጥ የቀረው ሁለተኛው ብቻ ነው። በዚህ በራሱ አፈረ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበሩት ሳምንታት ማይክ ፊት አስቀመጣት። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ አስነበባት። የገበያውን ቃል፣ የቤቱን ቃል፣ የዘመድ አዝማዱን ስም፣ አባታችን ሆይን ሳይቀር ቀዳ። ሐሳቡ፣ ኋላ እሷ የምትጽፈውን ኮምፒውተሩ ከተቀዳው ላይ እየቀጣጠለ በገዛ ድምጿ እንዲናገርላት ነው። ፕሮግራሙን ሌሎች ባለሙያዎች በነፃ ከለቀቁት ላይ ተነስቶ ራሱ ሠራው፤ ቁልፎቹንም በአማርኛ ሰየማቸው። ሠርኬ ስታነብ ከተሳሳተች ትስቅና "አጥፋው! አጥፋው!" ትላለች። ስለዚህ የተቀዳውን የሚደመስሰውን ቁልፍ "አጥፋ" አለው።

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥለት የምን አለሽ ተራው ጀዋር ይህን አይቶ አልተዋጠለትም ነበር።

"ጋሽ ፍስሐ፣ 'ሰርዝ' ቢሉት አይሻልም? አጥፋ ማለት እኮ ብዙ ነው።"

"ሰርዝ የቀበሌ ቃል ነው" አለ ፍስሐ። "እሷ አጥፋው ነው የምትለው።"

ቃሉ በዚያው ጸና።

ቀዶ ጥገናው ደህና አለፈ። ሠርኬ አንገቷ ላይ በተከፈተላት ቀዳዳ እየተነፈሰች፣ እሱንም በነጠላ ሸፍና ወደ ሱቋ ተመለሰች። ላፕቶፑ ላይ ጽፋ "ተናገር" የሚለውን ስትነካ ከአሮጌው ስፒከር "ግቡ እስቲ የኔ እመቤት" የሚል የራሷ ድምፅ ወጣ። ፍስሐ ጋቢ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ አለቀሰ። ለስልክ ደግሞ መላ አበጁ፤ እሱ ይናገራል፣ እሷ ስልኩን በጥፍሯ ታንኳኳለች። አንድ ጊዜ ከሆነ እሺ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ አይ። ሌላ ምልክት ያስፈልገናል ብለው አላሰቡም።

ደስታቸው ግን አልቆየም። መጀመሪያ፣ ድምጿን በቅጂ ያስቀመጠበት ሌላኛው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር፤ ከዚያ ጭራሹን ዝም አለ። ቀጥሎ የላፕቶፑ ባትሪ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ኪቦርዱን ከመሐሉ ወደ ላይ ገፋው። ያበጠ ባትሪ መውጣት እንዳለበት ፍስሐ አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ሸማ ተራ መብራት ይጠፋል፤ ባትሪው ከወጣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሠርኬ ዲዳ ልትሆን ነው። ነገ አወጣዋለሁ አለ። ፕሮግራሙም ውስጥ አንድ ጉድለት ነበር፤ ምንም ሳይመረጥ "አጥፋ" ከተነካ የተቀዳውን በሙሉ ይደመስሳል። ዲስኩ ጠባብ ስለሆነ የተደመሰሰው እንዳይመለስ ሆኖ ወዲያው እንዲጠረግ ያዘዘውም ራሱ ነው። ይህንንም ነገ ሊያስተካክለው ነው። የላፕቶፑ ማብሪያ ማጥፊያ ሲገዛው ጀምሮ ወልቋል፤ ሁለት ሽቦ አነካክቶ ያስነሳዋል፣ ሲዘጋም ትእዛዝ ጽፎ ይዘጋዋል። ሠርኬ እንዳትደናገር ብሎ ሌላውን ሁሉ ከስክሪኑ ላይ ደብቆ ሦስት ቁልፍ ብቻ ተወላት፤ ቅዳ፣ ተናገር፣ አጥፋ። አቤት የሰው ልጅ፣ አዘንኩ ብሎ ወጥመድ ሲሠራ!

በዓል በቀረበበት አንድ ከሰዓት፣ ለቅጂ የሚሆን ሌላ ዲስክ ሊገዛ ተነሳ። ሠርኬ ኪቦርዱን ነካ ነካ አደረገችና ላፕቶፑ "ቶሎ ና እሺ" አለው። "እሺ እመቤቴ" ብሎ እየሳቀ ወጣ።

ጀዋር ዲስኩን እየፈተሸለት ሳለ "ያ ያበጠው ባትሪስ? አወጡት አይደል?" አለው።

"ገና ነው።"

የጀዋር እጅ ቆመ። "ጋሽ ፍስሐ፣ ወላሂ አልደብቅዎትም። ከእሱ ጋር በአንድ ጭነት የመጣ ባትሪ ትናንት አብነት ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ፈንድቷል። ሰውየው እጁ ተቃጥሎ ነው የተረፈው።"

ፍስሐ እስከ ጣሪያው የተደረደረው ጥጥ ታየው። መኪና የማያስገባው ቀጭኑ መተላለፊያ ታየው። ከሁሉም በላይ ደግሞ "እሳት!" ብላ መጮኽ የማትችለው ሠርኬ ታየችው። ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ሠርኬ! ላፕቶፑን ንኪው እስቲ፣ ይሞቃል?"

ኳ።

"ከሶኬት ንቀይው! ነቀልሽው?"

ኳ።

"ጎሽ። አሁን አጥፊው። አጥፊውና ይዘሽው ውጪ!"

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሦስት። ሦስት የሚባል ነገር የላቸውም። አጠገቡ አንድ ተሸካሚ ጆንያ ተሸክሞ "ዞር በሉ! ዞር!" ይላል፣ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፤ ፍስሐ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? አጥፊው አልኩሽ እኮ! አጥፊው!"

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በቀስታ፣ ኳ።

ዲስኩን ኪሱ ከትቶ እየሮጠ፣ ሰው እየገፋ ሲደርስ ሱቁ እንዳለ ነበር። ጭስ የለም፣ የሚጮኽ የለም። ሠርኬ ላፕቶፑን ከጥጡ አርቃ መተላለፊያው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ራሷ ፈንጠር ብላ ቆማለች። ፍስሐ እፎይ ብሎ ጎንበስ ሲል ግን ስክሪኑ አልጠፋም። መሐሉ ላይ፣ እሱ በጻፈው አማርኛ፣ "ሁሉም ጠፍቷል" ይላል።

አሁን ገባው። "አጥፋ"ን ስትነካ ኮምፒውተሩ "ሁሉም ይጥፋ?" ብሏታል። ጥያቄው ስክሪኑን ስለሸፈነው መጻፍ አልቻለችም። ስለዚህ መልሳ እሱን ጠየቀችው። ሦስቱ ኳኳታ ጥያቄ ነበር፤ እሱ ነው ጮኾ አዎ ያላት።

ሠርኬ ፊቱን አይታ ፊቷ ተለወጠ። ተንበርክካ "ምን ሆነ" ብላ ጻፈችና "ተናገር" የሚለውን ነካች። ዝም። ደግማ ነካች። እንደገናም፣ ጠበቅ አድርጋ።

ፍስሐ እጇን ያዘ። ኪሱ ውስጥ አዲስ የተገዛው ባዶ ዲስክ ጎኑን ይወጋዋል። አንዲት ሴትዮ ሱቁ በር ላይ ቆማ "ባለሱቆች የሉም? ይሄ ጋቢ ስንት ነው?" ትላለች፤ የሚመልስላት የለም።

ሠርኬ ቀና አለች። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ፍስሐ አነበበው።

"አጠፋሁ?"

ዘጋሁት ወይ ማለቷ ነው? ደመሰስኩት? ወይስ በደልኩ? መለየት አልቻለም፤ ለሁሉም ግን መልሱ አንድ ነበር።

"አንቺ አይደለሽም" አላት። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ሠርኬ ጣቷን አንስታ የላፕቶፑን ጠርዝ ሁለት ጊዜ አንኳኳች።