ኩታበር ድረስ የወጣው የብየዳ ክፍል

ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ካለው ሰፈሬ ከቧንቧ ውሃ የተነሳሁት አንዲት ልጅ ከትምህርቷ እንዳትቀር ብዬ ነው። የአክስቴ ልጅ ፀሐይ ኮምቦልቻ በሚገኝ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ብየዳ ታስተምራለች። ጦይባ የምትባል ጎበዝ ተማሪዋን አባቷ ከኩታበር "በቃሽ፣ ነይ" ብለው አስቀርተዋታል። ጎረቤታቸው ያለ መከላከያ ሲበይድ ዓይኑ ተጎድቶ አይተዋል፤ ማን ይፈርድባቸዋል? "ወርደው ክፍሉን ይዩት" ቢባሉም እንቢ አሉ። እኔ ደግሞ ከኮምፒውተር ጥገና ሱቄ የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ይዤ ተነሳሁ። ስልክ ይገባበትና ዓይን ላይ ይጠለቃል፤ ያጠለቀው ሰው ያልሄደበት ቦታ መሐል ቆሞ ዙሪያውን ያያል።

ኮምቦልቻ፣ ረፋድ

ሚኒባሱ አሥራ አምስት ብር አስከፍሎኝ በጠመዝማዛው ቁልቁል አወረደኝ። ደሴ የደረብኩትን ጃኬት ኮምቦልቻ ገና ሳልገባ አወለቅሁት። ፀሐይ ፉል ጋበዘችኝና መነጽሩን አጥልቃ የጫንኩበትን የብየዳ ትምህርት ፈተሸች። እስክሪብቶ ይዛ በአየር ላይ ስትበይድ የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ መብላቱን ትቶ ያያታል።

"ይሄ ጥሩ ነው" አለች። "እኛ ጋ አንድ ለአምስት ተደራጅተው አንዷን ኤሌክትሮድ፣ የብየዳዋን ዘንግ፣ እየተቀባበሉ ነው የሚለማመዱት። በዚህ ግን ብረት ሳያቃጥሉ አያያዙንና ርቀቱን ይለምዳሉ።"

ደስ አለኝ። አንዳንዴ እኔም ቁም ነገር እሠራለሁ።

ኩታበር፣ ከሰዓት

ከፀሐይ ጋር በደሴ አልፈን ወደ ኩታበር ስንወጣ ብርዱ ተመለሰ፤ ጃኬቴም አብሮ ተመለሰ። መንገዱ እየተሠራ ነበርና አቧራ ለብሰን ደረስን። የጦይባ አባት ጋሽ እንድሪስ በር ላይ ተቀበሉን። ጊዜው ሁዳዴ ስለሆነ ለፀሐይ የገብስ ቂጣ በተልባ ቀረበላት፤ እኔ ጾሙን የማላውቀው እርጎ ደረሰኝ። ጦይባ ጥግ ይዛ ቁጭ ብላለች፤ ቀና ብላ አላየችንም። ልጅቷን ሳያት አንጀቴን በላችው።

ጋሽ እንድሪስ "ቢስሚላህ" ብለው መነጽሩን አጠለቁ። አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ አዞሩ። ከዚያ በመነጽሩ ውስጥ የሚታየው አሠልጣኝ ፊት ለፊታቸው መጣ መሰለኝ፣ ብድግ ብለው "አሰላሙ አለይኩም" አሉ።

መልስ የለም። ደገሙት። አሁንም ዝም።

መነጽሩን አውልቀው አዩኝ። "ይሄ ሰው ምን ሆኗል?"

"ምስል ነው ጋሽ እንድሪስ፣ አይሰማም። ግን እሱ ብቻውን ሁሉን ያስተምራታል፤ ሌላ ሰው አያስፈልጋትም" አልኩ። አፌን በቆረጠው።

"እንግዲያማ ቀረ" አሉና መነጽሩን መለሱልኝ። "ሰላምታ የማይመልስ፣ ልጄ እጇ ቢቃጠል ዞር ብሎ ያያታል? ወላሂ አልሰጥም።"

ጦይባ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ፀሐይ ግን ቂጣዋን አስቀምጣ ተነሳች፤ ከጋሽ እንድሪስ ፊት ቆመች።

"ወአለይኩም ሰላም ጋሽ እንድሪስ" አለች። "እሱ ማሳያ ነው፤ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። የዓይን መከላከያ ጭንብሏን ሳትደፋ እሳት አትጭርም፤ ከጎኗ የምቆመው እኔ ነኝ።"

ጋሽ እንድሪስ ወደ ልጃቸው ዞረው "ነይ፣ አንቺ አሳይኝ" አሉ።

መነጽሩን ዳግም አጠለቁ። ጦይባ አጠገባቸው ቆማ እንጨት አስያዘቻቸው። "አባ፣ መጀመሪያ ጭንብሉን። አዎ። አሁን እጅዎን ዝቅ፣ አይቸኩሉ።" አባት እንደ ተማሪ ይታዘዛሉ፤ እንጨቱ ሲያጋድል ልጅ ታቃናለች። ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው "ነገር በዓይን ይገባል ማለት ይሄ ነው" አሉ። ቀጥለውም "ሰኞ ትውረድ" አሉ። እፎይ።

ደሴ፣ መመለሻ

ፀሐይን ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ መኪና አሳፍሬ ቤቴ ስገባ ደክሞኝ ነበር፤ ልቤ ግን ቀሎኛል። መነጽሩ የብየዳ ክፍል አንስቶ ኩታበር ግቢ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅ በአደራ መቀበል ግን አይችልም። ይህን ከአሁን በኋላ መነጽሩን ለማሳየው ሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ።

ሰኞ ፀሐይ ደወለች። ጦይባ መጥታለች። አባቷም አብረው ወርደው፣ ጭንብል ተውሰው፣ ልጃቸው እውነተኛውን እሳት ስትጭር ከኋላዋ ቆመው አይተዋል።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ስትጨርስ ጭንብሏን ራሳቸው አንስተው ዓይኗን አዩት።"